የተራዘመ የወረርሽኝ ጊዜ የእንቅስቃሴ ገደብ ምን ዋጋ አስከፈለ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ አብዛኞቹ የዓለም መንግሥታት የኮቪድ-19ን ሥርጭት ለመግታት ሰዎች ከቤታቸው እንዳይወጡ፣ ሱቆችና ፋብሪካዎች ሥራ እንዲያቆሙ፣ ትምህርት ቤቶችም እንዲዘጉ አዘዋል። ለጥቂት ሳምንታት የታሰበው ገደብ በብዙ ቦታ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመትን ተሻግሯል። ይህ ገጽ ስለዚያ መራዘም ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ዋጋ በብዛት ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ስለ በሽታው ሕክምና ወይም ስለ ክትባቶቹ ደኅንነት ለመጠየቅ የመጣ አንባቢ ግን የሚፈልገውን እዚህ አያገኝም። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ገደቡ «ተራዘመ» የሚባለው ስንት ጊዜ ሲቆይ ነው?

የተቆረጠ ቀን የለውም። ወረርሽኙ የተቀሰቀሰባት የቻይናዋ ዉሃን ከጃንዋሪ 23 እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2020 ድረስ ለ76 ቀናት ተዘግታለች። የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ስድስት ጊዜ እየተከፈተች እየተዘጋች በድምሩ 262 ቀናት ነዋሪዎቿን በቤታቸው አስቀምጣለች። በሌሎች አገሮች ደግሞ ከቤት ያለመውጣት ትእዛዙ በሁለት ወር ገደማ ሲነሣ፣ የትምህርት ቤቶች መዘጋት ግን ከዓመት በላይ ቀጥሏል። ስለዚህ «ገደብ» ስንል አንድ ነገር እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል፤ ቤት መቀመጥ፣ የንግድ ቦታ መዝጋት፣ ትምህርት ማቋረጥና ድንበር መዝጋት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዕድሜና የየራሳቸው ዋጋ ነበራቸው።

የመጀመሪያው ገደብ ዓላማ በግልጽ የተነገረ ነበር፤ ሆስፒታሎች አልጋ፣ ኦክስጅንና የመመርመሪያ መሣሪያ እስኪያዘጋጁ ድረስ ጊዜ መግዛት። በዚህ ገጽ «የተራዘመ» የምንለው ያ ጊዜ ከተገዛ በኋላም የቀጠለውን ገደብ ነው።

ጉዳቱን ያደረሰው ገደቡ ነው ወይስ ወረርሽኙ ራሱ?

ከሁሉም በላይ አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ክርክር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በ2020 ምግብ ቤቶች ባዶ የቀሩት መንግሥት ስለከለከለ ብቻ ሳይሆን ሰዎች ራሳቸው ስለፈሩም ነበር። ኦስታን ጉልዝቢና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኢኮኖሚስቶች የእጅ ስልክ እንቅስቃሴ መረጃን ተጠቅመው፣ አንዱ ወገን በገደብ ሥር ሌላው ወገን ያለ ገደብ የነበሩ አጎራባች አካባቢዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ንግድ ቦታዎች የሚሄደው ደንበኛ ቁጥር በ60 በመቶ ገደማ መቀነሱን፣ ከዚህ ውስጥ በሕጋዊ ገደቡ ሊብራራ የሚችለው ግን ከ60ው 7 የመቶኛ ነጥብ ያህሉ ብቻ መሆኑን አግኝተዋል። በባንክ ክፍያ መረጃ ላይ የተመሠረተ ሌላ ጥናትም ሱቆቿን የዘጋችው የዴንማርክ ሸማች ወጪውን በ29 በመቶ ሲቀንስ፣ በሰፊው ክፍት ሆና የቆየችው የስዊድን ሸማች ደግሞ በ25 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

እንግዲህ የ2020ን የኢኮኖሚ ውድቀት በሙሉ በገደቡ ማሳበብ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ይሆናል። ሆኖም እነዚህ ጥናቶች የሚናገሩት ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት፣ ቤት ተቀምጠው መኖር ስለሚችሉ ሀብታም አገሮች፣ ደግሞም ስለ ሸማቾች ነው። ፍርሃት ከጊዜ ጋር ይለዝባል፤ ሰውም ከበሽታው ጋር እየተጠነቀቀ መኖርን ይለምዳል። ትእዛዝ ግን እስኪነሣ ድረስ በነበረበት ይጸናል። ገደቡ በቆየ ቁጥር ከጉዳቱ ውስጥ የፍርሃቱ ድርሻ እያነሰ፣ የትእዛዙ ድርሻ እየጨመረ መሄዱም ስለዚህ ነው። ትምህርት ቤትን በተመለከተ ደግሞ ጥርጥር የለም፤ ለወራት ተዘግቶ የቆየው በወላጅ ፍርሃት ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔ ነው።

የዓለም ኢኮኖሚ በአጠቃላይ ምን ያህል ተጎዳ?

በ2020 የዓለም ምርት በ3 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ የተወራለት የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ካስከተለው የ2009 ቅናሽ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የብሪታንያ ኢኮኖሚ በ10 በመቶ፣ የፔሩ ደግሞ በ11 በመቶ ገደማ ወርዷል። በሕንድ ከኤፕሪል እስከ ጁን 2020 ባሉት ሦስት ወራት የተመዘገበው ምርት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ የሚጠጋውን አጥቷል። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እንዳሰላው በዚያ ዓመት የጠፋው የሥራ ሰዓት 8.8 በመቶ ሲሆን፣ ይህም 255 ሚሊዮን ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሥራ እንደፈቱ ይቆጠራል። ድንበር አቋርጦ የሚጓዘው ቱሪስት ቁጥር ከ70 በመቶ በላይ አሽቆልቁሏል።

አማካይ ቁጥር ግን ይደብቃል። የተዘጋ ምግብ ቤት ገቢው ቢዘጋም ወጪው አይዘጋም። የቤት ኪራዩ በየወሩ ይደርሳል፣ የብድሩ ወለድ ይቆጥራል፣ በማቀዝቀዣ ያለው ሥጋ ይበላሻል፣ ለዓመታት የሠለጠነው ወጥ ቤት ሠራተኛ ሌላ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል። ሁለት ወር ሲሆን ባለቤቱ ያጠራቀመውን ጥሪት ይበላል፤ ስምንት ወር ሲሆን ግን በሩ ሲፈቀድለትም የሚከፍተው ድርጅት አይኖረውም። በዚያው ጊዜ በኢንተርኔት የሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎች ገበያቸው ደርቶ ነበር። በ2021 ኢኮኖሚው «አገገመ» ሲባል የትልቁ ትርፍ የትንሹን መዘጋት ሸፍኖታል።

ሸክሙ በማን ላይ በረታ?

በዓለም ላይ ከሚሠራው ሰው ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ማለትም 2 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ፣ ውል፣ ደመወዝ መክፈያ መዝገብና የሥራ አጥነት ዋስትና በሌለው ሥራ የሚተዳደር ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር የቀን ሠራተኛ «ቤትህ ተቀመጥ» ማለት «አትብላ» ከማለት ብዙም አይርቅም። ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ደመወዙ ለሚገባለት ሰው ግን ያው ትእዛዝ ከመሰላቸት ያለፈ ላይሆን ይችላል። ትእዛዙን ያወጡትም ሆኑ በየመገናኛ ብዙኃኑ የተከራከሩበት በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነበሩ።

የሕንድ ሁኔታ ይህንን ከሁሉ በላይ ያሳያል። ማርች 24 ቀን 2020 ምሽት ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ከአራት ሰዓት በኋላ ከቤቱ እንዳይወጣ ታወጀ። በትልልቆቹ ከተሞች በግንባታና በፋብሪካ የሚሠሩ ስደተኛ ሠራተኞች ሥራቸውን፣ ብዙዎቹም ከሥራው ጋር ማደሪያቸውን አጡ። ባቡሩና አውቶቡሱ ቆሞ ስለነበር ልጆቻቸውን አዝለው፣ ዕቃቸውን በራሳቸው ተሸክመው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ መንደራቸው በእግር ተጓዙ። በሜይ 8 ከአውራንጋባድ ከተማ አቅራቢያ በሐዲድ ላይ ሲጓዙ ደክሟቸው እዚያው የተኙ 16 ሠራተኞች የዕቃ ባቡር ገጭቶ ገደላቸው። ለመንገድ የያዙት ቂጣ በሐዲዱ መካከል ተበትኖ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በአገሪቱ ጋዜጦች ላይ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች በማንኛውም የኮቪድ መዝገብ ላይ አይቆጠሩም።

የዓለም ባንክ ስሌት እንደሚያሳየው በ2020 ብቻ 70 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎች ከከፋ የድህነት ወለል በታች ወርደዋል፤ ለአሥርት ዓመታት ሲቀንስ የነበረው ቁጥርም በዚህ መጠን ወደ ላይ ተመልሷል።

መንግሥታት የሰጡት ድጎማ ጉዳቱን አላካካሰውም?

አቅም ባለበት በእጅጉ አካክሷል። ብሪታንያ ሥራ ላይ ላልነበሩ ሠራተኞች ከደመወዛቸው 80 በመቶውን፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ድረስ፣ ከማርች 2020 እስከ ሴፕቴምበር 2021 ስትከፍል ቆይታ 11.7 ሚሊዮን የሥራ መደቦችን በዚህ ደግፋለች። ጀርመን የሥራ ሰዓትን አሳጥሮ የደመወዙን ጉድለት በመንግሥት የመሸፈን የቆየ ሥርዓቷን በኤፕሪል 2020 ወደ 6 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሠራተኞች ተጠቅማለች። ብራዚል በወር 600 ሪያል ለ67 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች አድላ ድህነት በወረርሽኙ መካከል ለጊዜው እንዲቀንስ አድርጋለች። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን የቶጎ ነው። ያቺ ትንሽ አገር በኤፕሪል 2020 የመራጮችን መዝገብ መሠረት አድርጋ፣ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደሩ ዜጎች በእጅ ስልካቸው ገንዘብ መላክ ጀመረች፤ ለሴቶች የሚላከውም ለወንዶች ከሚላከው ከፍ ያለ ነበር።

ይሁን እንጂ ድጎማው ዋጋውን ወደ ሌላ ጊዜ አሸጋገረው እንጂ አላጠፋውም። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እንዳስታወቀው የመንግሥታት፣ የድርጅቶችና የግለሰቦች ዕዳ ተደምሮ በ2020 መጨረሻ 226 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ይህም ከዓለም ዓመታዊ ምርት 256 በመቶ ነው። ሀብታም አገሮች በራሳቸው ገንዘብና በዝቅተኛ ወለድ ተበደሩ። ድሆቹ ወይ የሚያበድራቸው አጡ፣ ወይ በውጭ ምንዛሪ ተበደሩ። ከወረርሽኙ በፊትም በዕዳ የተጨናነቀችው ዛምቢያ በኖቬምበር 2020 የውጭ ቦንድ ወለዷን መክፈል አቅቷታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኑሮ ውድነት ከገደቡ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው፤ ግን ብቻውን አላመጣውም። ፋብሪካዎችና ወደቦች ሲዘጉና ሲከፈቱ የዕቃ አቅርቦት ተዛባ፤ ቤት የተቀመጠው ሸማች ደግሞ ለምግብ ቤትና ለጉዞ ያወጣ የነበረውን ገንዘብ ወደ ዕቃ አዞረ። ድጎማው በኪሱ ጨመረለት። በላዩ ላይ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲታከል እህልና ነዳጅ ናረ። በአሜሪካ የዋጋ ግሽበቱ በጁን 2022 9.1 በመቶ ደርሶ ከ40 ዓመታት ወዲህ ትልቁ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ የገደቡ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መክፈል አይቻልም።

የትምህርት ቤቶች መዘጋት ለምን ከሁሉም የከፋ ነው ይባላል?

ምክንያቱም የተጎዱት በበሽታው ከሁሉ ያነሰ አደጋ የነበረባቸው ናቸው፤ ጉዳቱም ከእነርሱ ጋር ዕድሜ ልክ የሚሄድ ነው። በኤፕሪል 2020 ከ1.6 ቢሊዮን የማያንሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበሩ። ዩኒሴፍ በማርች 2021 እንዳስታወቀው 168 ሚሊዮን ሕፃናት ትምህርት ቤታቸው ለአንድ ዓመት ያህል ሙሉ በሙሉ ተዘግቶባቸው ነበር። ኡጋንዳ በማርች 2020 የዘጋቻቸውን ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ክፍሎች የከፈተችው በጃንዋሪ 2022 ነው። አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ስምንት ዓመቱን እስኪደፍን ፊደል ሳይቆጥር ቆየ ማለት ነው። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ ከፊሎቹ ሥራ ገብተው፣ ከፊሎቹ ልጆች ወልደው ስለነበር በሩ ሲከፈት አልተመለሱም።

«በኢንተርኔት ተምረዋል» የሚለው መልስ ከሦስት የትምህርት ዕድሜ ላይ ካሉ ልጆች ለሁለቱ አይሠራም፤ በ2020 መጨረሻ የወጣ የዩኒሴፍና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሪፖርት እንደሚለው 1.3 ቢሊዮን ልጆች በቤታቸው ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ባለበትም ቤት ቢሆን አንድ ስልክ ለሦስት ልጆች በተራ ሲዳረስ፣ አባት ሲወጣ ይዞት ሲሄድ፣ ካርዱ ሲያልቅ፣ ትምህርቱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይሆናል።

ሁሉም የተሟላበት አገርም አላመለጠም። ኔዘርላንድስ ትምህርት ቤቶቿን የዘጋችው ለስምንት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ ፈጣን ኢንተርኔትም በየቤቱ ነበር። ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ የተሰጡ አገር አቀፍ ፈተናዎችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ግን ተማሪዎቹ ያጡት የአንድ የትምህርት ዓመት አንድ አምስተኛ ያህል እንደሆነ አገኙ፤ ይህም ትምህርት ቤቱ ከተዘጋበት ጊዜ ጋር የሚመጣጠን ነው። በሌላ አነጋገር ልጆቹ በቤታቸው የተማሩት ከምንም አይቆጠርም ነበር። ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ ደግሞ ጉዳቱ እስከ 60 በመቶ የበለጠ ነበር።

ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከወረርሽኙ በፊት በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉት ልጆች 57 በመቶ ነበሩ፤ የዓለም ባንክና አጋሮቹ በ2022 ይህ ቁጥር 70 በመቶ እንደደረሰ ገምተዋል። እነዚሁ ድርጅቶች በ2021 መጨረሻ ይህ ትውልድ በዕድሜ ዘመኑ የሚያጣውን ገቢ 17 ትሪሊዮን ዶላር ብለው አስልተውታል። ግምት መሆኑ ይታወቅ፤ የማካካሻ ትምህርት በተሰጠበት ሁሉ ሊቀንስ ይችላል።

ዴንማርክ ትንንሾቹን ልጆች ኤፕሪል 15 ቀን 2020 ወደ ክፍል መልሳለች። ስዊድን ከ16 ዓመት በታች ላሉት ከመጀመሪያውም አልዘጋችም። የእነዚህ አገሮች ልምድ በ2020 አጋማሽ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት ተከፍቶ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የቆየበት አገር ሁሉ የመረጠው አማራጭ እንጂ የተገደደበት ነው ለማለት ይከብዳል።

ሴቶች በተለየ ተጎድተዋል የሚባለው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ የተዘጉት የሥራ ዘርፎች፣ ማለትም መስተንግዶ፣ ችርቻሮ ንግድና የቤት ሠራተኝነት፣ ሴቶች የሚበዙባቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ሥራ ትታ ልጆቹን የያዘችው በአብዛኛው እናት ናት። በዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት መረጃ በ2020 በሥራ ላይ ያሉ ሴቶች ቁጥር በ4.2 በመቶ ሲቀንስ፣ የወንዶቹ በ3 በመቶ ነው የቀነሰው።

የቤት ውስጥ ጥቃትም ተባብሷል። «ቤት ይሻላል» የሚለው መልእክት ቤቷ ውስጥ ለምትደበደብ ሴት ከአጥቂዋ ጋር መቆለፍ ነበር፤ ስልክ ደውላ እንዳትናገር እንኳ ሰውየው ከጎኗ አይለይም። በስፔን ይህን ለመወጣት የታሰበው ዘዴ ቀላል ነበር። ጥቃት የሚደርስባት ሴት ክፍት ከሆኑት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ወደሆነው ፋርማሲ ገብታ «ጭምብል 19» እንዲሰጧት ትጠይቃለች፤ ፋርማሲስቱም ምንም ሳይል ለፖሊስ ይደውላል። ከካናሪ ደሴቶች የተጀመረው ይህ አሠራር ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል።

በአእምሮ ጤናና በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ምን አደረሰ?

የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የጭንቀትና የድባቴ ሕመም በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመሩን አስታውቋል፤ ይበልጥ የተጎዱትም ወጣቶችና ሴቶች ናቸው። ብዙዎች እንደፈሩት ግን ራስን የማጥፋት አሐዝ በሁሉም ቦታ አልናረም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት 21 አገሮችን ያካተተ ጥናት ጭማሪ አላገኘም። ጃፓን ላይ ግን ቁጥሩ በ2020 ከ11 ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨምሯል፤ ጭማሪውም በሴቶች ላይ የታየ ነበር።

በአሐዝ የማይያዘው ጉዳት ደግሞ አለ። በአረጋውያን መጦሪያዎች የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ልጆቻቸውን ለወራት ያዩት በመስኮት መስታወት ማዶ ነው፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ለምን እንደማይገቡላቸው አይገባቸውም ነበር። ብዙ ሰው እናቱን ወይም አባቱን ሳይሰናበት ቀብሯል፤ ለቀስተኛው በቁጥር ተወስኖ፣ የቀረው ሐዘኑን በስልክ ገልጿል። እነዚህን ደንቦች ያወጡ ባለሥልጣናት በአንዳንድ አገሮች ራሳቸው ሲጥሷቸው መገኘታቸው ሰዎች በመንግሥት ላይ የነበራቸውን እምነት ሸርሽሯል። እምነት እንደ አልጋና እንደ ኦክስጅን በግዢ የሚተካ አይደለም፤ የተሸረሸረውም ክትባት በሚሰጥበት፣ መንግሥት በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው።

ሌሎች በሽታዎችስ?

በ2020 መሠረታዊ ክትባት ያልተሟላላቸው ሕፃናት 23 ሚሊዮን፣ በ2021 ደግሞ 25 ሚሊዮን ደርሰዋል። አዲስ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሆነው የተመዘገቡት ሰዎች በ2019 ከነበሩበት 7.1 ሚሊዮን በ2020 ወደ 5.8 ሚሊዮን ወረዱ። በሽታው ቀንሶ ሳይሆን ታማሚው ወደ ጤና ጣቢያ ስላልደረሰ ነው፤ በበሽታው የሚሞቱትም ከአሥር ዓመት በላይ ሲቀንሱ ቆይተው ያን ዓመት ጨመሩ። የወባ ሞትም በ2020 በ69,000 ገደማ ሲጨምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከአገልግሎት መስተጓጎል ጋር አያይዞታል። ለመስተጓጎሉ የመጓጓዣ መቆም አንዱ ምክንያት ነው፤ የሐኪሞች ወደ ኮቪድ መዞርና የታማሚው ፍርሃትም ሌሎቹ ናቸው።

ጥብቅ ገደብ የጣለ አገር ቢያንስ ሕይወት አድኗል ማለት ይቻላል?

ሁልጊዜ አይደለም። ፔሩ በማርች 2020 አጋማሽ ከላቲን አሜሪካ አገሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ሆና ጥብቅ ገደብ ጣለች፤ ሠራዊቷንም አሰማራች። ሆኖም ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በዓለም ከፍተኛው የኮቪድ ሞት የተመዘገበው በእርሷ ነው። ምክንያቱን መሬት ላይ ወርዶ ማየት ይቻላል፤ ብዙ ቤተሰብ ማቀዝቀዣ ስለሌለው ምግብ ለመግዛት በየዕለቱ ወደተጨናነቀ ገበያ መውጣት ነበረበት። መንግሥት የሰጠውንም ድጎማ ለመቀበል፣ የባንክ ሒሳብ የሌለው ሕዝብ በባንክ ደጃፍ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፏል። በዚያ ላይ በቂ ኦክስጅን አልነበረም። ፔሩ ስለዚህ ሁለቱንም ዋጋ ከፈለች።

ኒውዚላንድ ደግሞ ተቃራኒው ናት። በማርች 2020 መጨረሻ ጠንካራ ገደብ ጥላ፣ ድንበሯን ዘግታ፣ በጁን መጀመሪያ ላይ ሕዝቧን ወደ መደበኛ ኑሮ መለሰች። አጭርና ቀደም ያለ ገደብ ከረጅምና ከዘገየ ገደብ ያነሰ ዋጋ እንደሚያስከፍል ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን በባሕር የተከበበች አገር ያደረገችውን ሁሉም ሊያደርግ አይችልም።

ስዊድን ያለ ገደብ ተወጥታዋለች የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ስዊድን ትልልቅ ስብሰባዎችን ከልክላለች፤ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲዎችንም ለጊዜው ወደ ርቀት ትምህርት አዙራለች። በ2020 የሞቱባት ሰዎች፣ በተለይ በአረጋውያን መጦሪያዎች፣ ከጎረቤቶቿ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድና ከዴንማርክ በእጅጉ ይበልጣሉ። ሦስቱ የወረርሽኝ ዓመታት ተደምረው ሲታዩ ግን ከተለመደው በላይ የሞተባት ሰው ከአውሮፓ ዝቅተኛ ከሚባሉት ተርታ ነው። ሰው ደንቡን በፈቃዱ በሚያከብርበትና ታሞ ቤት ለተቀመጠ ሠራተኛ ክፍያ በማይቋረጥበት አገር የሠራ ነገር፣ በሌላ ቦታም እንደሚሠራ ማረጋገጫ የለም።

ገደብ ጥቅሙ አብቅቶ ጉዳቱ ብቻ የሚቀረው መቼ ነው?

የተገዛው ጊዜ ሥራ ላይ መዋል ሲያቆም ነው። ለዚህ ከቻይና የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም። እስከ 2021 ድረስ ገደቡ ሞትን ዝቅ አድርጎላታል። በ2022 ግን ይበልጥ የሚዛመት የቫይረስ ዝርያ ሲመጣ፣ 25 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ሻንጋይ ለሁለት ወራት ገደማ ተዘጋች፤ ነዋሪዎችም በበለጸገች ከተማ መካከል ምግብ ቸገረን ብለው ከመስኮታቸው እስከመጮህ ደረሱ። በኖቬምበር 2022 በኡሩምቺ ከተማ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ በተነሣ እሳት 10 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሕዝቡ የገደቡ አጥሮች አዳኞችን አዘግይተዋል ብሎ በየከተማው ተቃውሞ ወጣ፤ ባለሥልጣናቱ ይህን አስተባብለዋል። ዲሴምበር 7 ገደቡ በድንገት ሲላላ፣ ከ80 ዓመት በላይ ካሉት አረጋውያን ብዙዎቹ የማጠናከሪያ ክትባት ገና አልወሰዱም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የተገዛው ጊዜ ከሁሉ በላይ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች አልዋለም።

ከተፈራው ያነሰ ጉዳት የደረሰበት ነገር የለም?

አለ። የዓለም ባንክ በኤፕሪል 2020 በውጭ አገር ያሉ ሠራተኞች ወደ ታዳጊ አገሮች የሚልኩት ገንዘብ በ20 በመቶ እንደሚቀንስ ተንብዮ ነበር፤ የቀነሰው ግን ከ2 በመቶ በታች ነው። ስደተኛው ከራሱ ቀንሶ ለቤተሰቡ ላከ። የካርቦን ልቀትም በ2020 በ5 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ግን ወደ ነበረበት ተመልሷል።

ገደቦቹ ከተነሡ በኋላ ጉዳቱ አብቅቷል?

የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2023 የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታውን አንሥቷል፤ አንዳንዱ ጉዳትም ቶሎ ጠግጓል። ለምሳሌ አዲስ የሚመዘገቡ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች በ2022 7.5 ሚሊዮን ደርሰው ከወረርሽኙ በፊት የነበረውን ቁጥር አልፈዋል። የሥራ ገበያውም በአብዛኞቹ ሀብታም አገሮች ከተጠበቀው ቀድሞ ተመልሷል። የዕዳው ጉዳይ ግን ገና ነው፤ ወለድ ከ2022 ጀምሮ ሲጨምር፣ በርካሽ የተወሰደው ብድር በውድ መታደስ ጀመረ፤ ለክሊኒክና ለመምህር ሊውል ይችል የነበረው በጀትም ወደ ዕዳ ክፍያ እየሄደ ነው።

ትምህርትም አልተመለሰም። በ15 ዓመት ተማሪዎች ላይ የሚሰጠው ፒዛ የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና በ2022 ሲካሄድ፣ የበለጸጉት አገሮች አማካይ የሒሳብ ውጤት በ2018 ከነበረው በ15 ነጥብ ያህል ወርዶ ተገኝቷል፤ ከዚያ በፊት በሁለት ፈተናዎች መካከል ይህን የሚያህል ቅናሽ ታይቶ አያውቅም። ቅናሹ ሁሉ የመዘጋቱ ውጤት ላይሆን ይችላል፤ በአንዳንድ አገሮች ውጤቱ ቀድሞም ሲንሸራተት ነበርና። እንዲህ ያለ ፈተና በማይሰጥባቸው ድሃ አገሮች ደግሞ ጉዳቱን የሚለካው ሰው እንኳ የለም። በ2020 አንደኛ ክፍል መግባት የነበረባቸው ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚጨርሱት፣ ካላቋረጡ፣ ከ2030 በኋላ ነው።